ኢተያ ላይ ባንኩን በሬ ያደረግሁበት ቀን

እኔ ባንክ ቤት የገባሁት በበሬ ነው። ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ። ጉቦ መስሏቸው ድምፃቸውን ቀንሰው "ስንት በሬ?" ብለው የጠየቁኝም አልጠፉም። አንድም በሬ ለማንም አልሰጠሁም። ነገሩ ከዚያ የባሰ ነው።

ጊዜው አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነበር። አሰላ ተወልጄ አድጌ፣ ናዝሬት ንግድ ሥራ ተምሬ ተመልሼ፣ የአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ የአሰላ ወኪል ሆኜ ነበር። ወኪል ሲባል ቢሮ ያለው ሰው እንዳይመስላችሁ። ቢሮዬ የቆዳ ቦርሳዬ ነበረች። እሷን አንግቤ በጭነት መኪና እየተንጠለጠልኩ ከኢተያ እስከ ሁሩታ እዞራለሁ፤ ያገኘሁትን ባለመኪና ሁሉ "መኪናህ ቢገለበጥስ?" እለዋለሁ። አንዱ ሾፌር "አንተ ልጅ፣ ሟርትህን ይዘህ ውረድልኝ" ብሎ መንገድ ላይ ጥሎኛል፤ ያውም በዝናብ። የሕይወት ኢንሹራንሱንማ ተዉት። ለአንድ አዛውንት፣ እሳቸው ሲሞቱ ለቤተሰባቸው ገንዘብ እንደሚከፈል አስረድቼ ስጨርስ፣ ሰውዬው ወደ ሚስታቸው ዞረው በጥርጣሬ ያዩአቸው ጀመር። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ሰላምታ ነስተውኛል።

ሕልሜ ግን ሌላ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ለፋብሪካ ገንዘብ የሚያበድር፣ አንዳንዴም አክሲዮን ገዝቶ ራሱ ባለድርሻ የሚሆን ባንክ ነበር፤ እኛ ኢንቨስትመንት ባንክ እንለዋለን። እዚያ የሚሠሩ ሰዎች ገንዘብ አይቆጥሩም፣ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ ብለው ያስባሉ ይባላል። ማሰብ ብቻ! ይህ ሥራ ለእኔ የተፈጠረ ነበር የመሰለኝ። ሁለት ጊዜ አመለከትኩ፤ ሁለቴም "ለጊዜው ክፍት ቦታ የለም" የሚል መልስ መጣልኝ። ሁለተኛው መልስማ ሽፈራው የሚለውን ስሜን ለውጦ "ለወይዘሪት ሸዋረጋ" ነበር የሚለው። ያም ሆኖ ባንኩ ስለ ራሱ ያሳተማትን ትንሽ መጽሔት ከቦርሳዬ አልለያትም ነበር። እናቴ "ዳዊቱን እንዲህ ብትደግም ቄስ በሆንክ" ትለኝ ነበር።

በጥር ወር፣ ስንዴው ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ ከሐጂ ቃሲም መልእክት ደረሰኝ። ሐጂ የኢተያ የእህል ነጋዴ ናቸው። ሦስት የጭነት መኪና ነበሯቸው፤ ሦስቱም በእኔ በኩል ኢንሹራንስ የገቡ ስለነበሩ፣ እውነቱን ለመናገር እንጀራዬ እሳቸው ነበሩ። መልእክቱ አጭር ነው፦ "ከአዲስ አበባ የኢንቨስትመንት ባንክ ሰው ማክሰኞ ይመጣል። እናቴ ቤት ነው የምንነጋገረው። እባክህ እንዳትቀርብኝ።"

ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? በመጨረሻ ሰው አወቀኝ አልኩ። ሐጂ ባንክ ሊያነጋግሩ ሲሉ ማንን አማካሪ አደረጉ? እኔን! ከአንድ አስተማሪ ጓደኛዬ ሙሉ ልብስ ተዋስኩ። እሱ ረጅም ነው፣ እኔ አይደለሁም። እጅጌው ጣቶቼን ስለዋጠ ሰው ለመጨበጥ መጀመሪያ እጄን መፈለግ ነበረብኝ። ሦስተኛ ማመልከቻዬን አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ገለባ በጫነ መኪና ኢተያ ገባሁ። ስወርድ እኔና ገለባው አንለይም ነበር።

የሐጂ እናት አዴ አሻ ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ነው። ስገባ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሐጂ፣ ከጎናቸው ቀጭን ረጅም በትር ይዘው ቀጥ ብለው የተቀመጡት አዴ አሻ፣ ከፊት ለፊታቸው ደግሞ የጭላሎ ተራራን ንፋስ ፈርተው ካፖርታቸውን ቤት ውስጥ እንኳ ያላወለቁ አጭር ወፍራም ሰው። እኒህ ነበሩ የባንኩ ሰው፣ አቶ ልዑልሰገድ።

"ሽፈራው እባላለሁ፤ የፋይናንስ ባለሙያ ነኝ" አልኩ፣ እጄን ከእጅጌዬ ውስጥ እየፈለግሁ።

ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ልጄ፣ የጠራሁህ ለእናቴ እንድትተረጉምላት ነው" አሉኝ። "እናቴ አማርኛ አትሰማም። እኔ ስተረጉምላት ደግሞ 'ለራስህ ታደላለህ' እያለች አታምነኝም።"

ከአማካሪነት ወደ አስተርጓሚነት የወረድኩት ወንበር ሳልይዝ ነው።

ነገሩ ይህ ነበር። የኢተያ ስንዴ ናዝሬትና አዲስ አበባ ይሄዳል፣ እዚያ ይፈጫል፣ ዱቄት ሆኖ ተመልሶ ለኢተያ ሰው በውድ ይሸጣል። ሐጂ የዱቄት ፋብሪካ እዚሁ ሊተክሉ ፈለጉ። ፋብሪካው የሚቆምበት የመንገድ ዳር መሬት ከሟቹ አባታቸው የተረፈ ሲሆን ያለ አዴ አሻ ፈቃድ ማንም አይነካውም። ለቀረው ግን የባንኩ ገንዘብ ያስፈልጋል። እናትየው የሰሙት "መንግሥት ሊያግዘን ነው" የሚለውን ብቻ ነበር።

አቶ ልዑልሰገድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ባንኩ ገንዘቡን ያበድራል፣ እናንተ በየዓመቱ ከነወለዱ ትከፍላላችሁ በልልኝ።"

አሰላ ከኦሮሞ ልጆች ጋር ኳስ እየተጫወትኩ ነው ያደግሁት፤ ኦሮምኛዬ የሚታማ አይደለም። ኳስ ሜዳ ላይ ግን ወለድ የሚባል ነገር አይነሣም። ያገኘሁት ቃል፣ እንደ አማርኛው ሁሉ፣ ከመውለድ ጋር የሚሄድ ነበር። አዴ አሻ ሳቁ።

"ብር ይወልዳል? የትኛው ነው ወንዱ?"

እኔም ሳቅሁ። ሐጂ ግን አልሳቁም። ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። አዴ አሻ የልጃቸውን ፊት ሲያዩ ሳቃቸው ቀጥ አለ።

"ቃሲም፣ ሪባ ነው እንዴ?"

ሪባ በእስልምና የተከለከለው ወለድ ነው።

"መካ ደርሰህ መጥተህ? በአባትህ መሬት ላይ ሪባ ልታቆም?"

አዴ አሻ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ጓዳ ገቡ። በሩን የዘጉበት አዘጋግ ትርጉም አያስፈልገውም ነበር።

"ምን አሉ?" አሉኝ አቶ ልዑልሰገድ።

"እ... ትንሽ ሊያስቡበት ነው።"

"ሲያስቡ ነው በር እንዲህ የሚወረውሩት?" ወረቀታቸውን ሰበሰቡ። "ጊዜዬን አቃጠላችሁት። ደህና ሁኑ በልልኝ።"

ከጓዳ የአዴ አሻ ድምፅ መጣ። "ምን አለ?"

"ቤቱን በጣም ወደዱት" አልኩ። በጥር ብርድ ግንባሬ በላብ ራሰ። የጓዳው በር ትንሽ ገርበብ ብሎ ተመልሶ ተዘጋ።

ውጭ ስንወጣ የባንኩ መኪና አንድ እግሯ ተንፍሶ ዘንበል ብላ ቆማለች። መለዋወጫ ጎማውም ተንፍሷል። የኢተያው ጎሚስታ ሠርግ ሄዷል ተባለ። ሾፌሩ ጎማውን እያንከባለለ አስፋልቱ ዳር ወርዶ፣ የሚያልፍ መኪና ለምኖ ወደ አሰላ ሄደ። አቶ ልዑልሰገድ የካፖርታቸውን ኮሌታ አቁመው፣ እጃቸውን በብብታቸው ደብቀው ንፋሱ ላይ ቀሩ።

አሁን አስተዋይ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ዝም ይላል። እኔ ማመልከቻዬን አወጣሁ።

"አሁን?" አሉኝ ዓይናቸውን አፍጥጠው።

"ጌታዬ፣ ሌላ ጊዜ አላገኝዎትም ብዬ ነው።"

ሌላ ሥራ ስላልነበራቸው ተቀብለው አነበቡት። መሐል ላይ ቀና ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ባለፈው መልስ የጻፍንላት ወይዘሪት ሸዋረጋ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። ምን ልበል?

"ስለ ባንካችን ምን ታውቃለህ?" አሉኝ፣ ወረቀቱን እየመለሱልኝ።

የዓመታት ምኞቴ ያ ጥያቄ ነበር። መጽሔቷን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ በቃሌ ወረድኩባቸው። በእጃቸው በቃህ ቢሉኝም አልቆምኩም፤ አክሲዮን የሚለው ገጽ ላይ ስደርስ ራሴ ቆምኩ። "ባንኩ አዋጭ ሆኖ ሲያገኘው አክሲዮን በመግዛት..." አልኩና አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። "ጌታዬ፣ አክሲዮን ከሆነ ወለድ የለውም አይደል?"

"አክሲዮን ለትልልቅ ኩባንያ ነው። ኢተያ ላይ ለሚቆም ወፍጮ አክሲዮን ይገዛ ብዬ ባቀርብ ቦርዱ ይስቅብኛል።"

ይህን ሲሉ ሐጂ ከቤት ወጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ አንገታቸውን ግን አልደፉም። "እንግዳ ብርድ ላይ አይቆምም፤ ግቡ። ባንስማማም ጩኮ አለ" አሉ።

ጩኮ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው። አርሲ ውስጥ የተከበረ እንግዳ ያለ እሱ አይሸኝም። አቶ ልዑልሰገድ መጀመሪያ በጣታቸው ጫፍ ቀመሱ፤ ቆይተው ማንኪያ ጠየቁ፤ ከዚያ ካፖርታቸውን አወለቁ። አዴ አሻ ለመስተንግዶው ሲሉ ከጓዳ ወጥተው ቦታቸውን ይዘዋል፤ ልጃቸውን ግን ዞር ብለው አያዩም።

"እስቲ በል" አሉኝ አቶ ልዑልሰገድ ከሁለተኛው ሳህን በኋላ፣ "መኪናው እስኪመጣ የአክሲዮኑን ነገር ጠይቃቸው። ተስፋ ግን እንዳትሰጥ።"

ወደ አዴ አሻ ዞርኩ። አፌን ከፈትኩ። አክሲዮን በኦሮምኛ ምንድነው? ከአእምሮዬ ወጥቶ ሳይሆን መጀመሪያውኑም አልነበረም። ሦስቱም ያዩኛል። ያኔ ገበሬው የሚያደርገው መቀናጆ ትዝ አለኝ፤ አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምደው የሚያርሱት።

"እናቴ" አልኩ፣ "ባንኩ ሊያበድር ሳይሆን አንድ በሬ ይዞ ሊመጣ ይችላል።"

"የታለ በሬው?" አዴ አሻ በመስኮት ወደ ውጭ አዩ።

"እዚህ የለም። አዲስ አበባ ነው።"

"ማን አየው? ያርሳል ወይስ ለሥጋ ነው?"

ይሄኔ መመለስ ነበረብኝ። ግን ከበሬው ላይ እንዴት እንደምወርድ አላወቅሁም። "ደህና አድርጎ ያርሳል" አልኩ።

አቶ ልዑልሰገድ ትዕግሥታቸው አለቀ። "ስለ ምንድነው የምታወሩት?"

"ስለ በሬ ነው ጌታዬ።"

"የማን በሬ?"

"የእርስዎ።"

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። መቀናጆውን እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። ይቆጡኛል ስል አገጫቸውን ይዘው፣ "ቀጥል" አሉኝ።

አዴ አሻ ግን ወደ ልጃቸው ዞረው ነበር። ከጠዋቱ ነገር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገሯቸው። "የእሱ በሬ ያ ነው። የአንተስ በሬ የታለ ቃሲም? መሬቱ የአባትህ ነው፤ በሬ አይደለም።"

ሐጂ ቀስ ብለው፣ "መኪኖቹን ሸጥኩ" አሉ። "ሁለቱን። ለማሽኑ ቀብድ ከፍያለሁ። የቀረውን እስከ ፋሲካ ካልከፈልኩ ቀብዱም አይመለስልኝም።"

"ሁለቱን?" የሚል ጩኸት ቤቱን ሞላው። የጮኽኩት እኔ ነኝ። ማንም ትርጉም አልጠየቀኝም፤ እንጀራዬ ላይ የተፈረደውን ፍርድ መስማቴ ነበር።

አዴ አሻ ጩኸቴን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። "ለምን ደበቅኸኝ?"

"እምቢ ትዪኛለሽ ብዬ ነዋ፣ እማ።" ሐጂ ያኔ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰው ናቸው፤ እናታቸው ፊት ግን ድምፃቸው የልጅ ሆነ። "ዕድሜዬን ሙሉ ስንዴ ጭኜ ለሰው ወፍጮ ሳደርስ ኖርኩ። አንድ ቀን ዱቄቱን እዚሁ ደጃችን ላይ ልየው ብዬ ነው። የወለዱንም ነገር ቀንና ሌሊት ሳስበው ነው የከረምኩት። አጥፍቻለሁ።"

ይህን ለአቶ ልዑልሰገድ አልተረጎምኩም። እሳቸውም ምን አሉ አላሉኝም። ከውጭ ንፋሱ የባሕር ዛፉን ሲያንቋቋው ይሰማል። አዴ አሻ በበትራቸው ጫፍ ወለሉን ሲጭሩ ቆዩና ቀና አሉ፤ የተናገሩት ግን ለልጃቸው ሳይሆን ለእኔ ነበር።

"በሬው ቢሞትስ?"

"እ?"

"የሰውዬው በሬ እርሻ መሐል ቢሞት፣ ክፈሉኝ ይላል?"

ይህ እንኳ መተርጎም ነበረበት። እኔ ግን ሆዴ በመኪኖቹ ነገር ተቃጥሎ፣ የማንን አፍ እንደምናገር ረስቼ፣ "አይልም! ሞተ ሞተ ነው! ሁለታችሁም ትከስራላችሁ!" አልኳቸው።

አዴ አሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እንዲህ ከሆነ ሪባ አይደለም። አብሮ ማትረፍ፣ አብሮ መክሰር ነው።"

"ምን አልካቸው?" አሉ አቶ ልዑልሰገድ። ነገርኳቸው። "ትክክል ነው" አሉ። "ግን ማን ፈቀደልህ?"

ከዚያ በኋላ የሆነው ድርድር፣ ብታዩት፣ የከብት ገበያ ነበር የሚመስለው። ባንኩ መሐል ላይ ልውጣ ቢል ድርሻውን ለማን ይሸጣል? አዴ አሻ "እርሻ ሳያልቅ በሬውን ፈትቶ ይሄዳል?" አሉ። አቶ ልዑልሰገድ መጀመሪያ በፈገግታ፣ በኋላ እስክሪብቶ አውጥተው መለሱ፤ ባንኩ መሸጥ ቢፈልግ ቅድሚያ ለቤተሰቡ ይሰጣል ተባለ። እሳቸውም በተራቸው "የእኛ በሬ ትልቅ ከሆነ ወዴት እንደሚታረስ እኛም እንናገራለን በላቸው" አሉኝ። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ የተማሩት ሰው በሬ፣ ቀንበርና ሞፈር እያሉ እጃቸውን ሲያወራጩ ማየት ነበር። እኔ መሐል ቆሜ ወደዚህም ወደዚያም እዞራለሁ፤ እጅጌዬ ጩኮ ነክቶት ቅቤ በቅቤ ሆኗል። ጓደኛዬ ለዚያ ልብስ እስከ ዛሬ ይቅርታ አላደረገልኝም።

መኪናው ተሠርቶ ሲመጣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ሁሉም ተነሣ። አዴ አሻ ግን አልተነሡም።

"አንድ ነገር ቀርቷል። ይህ ሰውዬ አገሩ ይገባል። በሬውን ማን ነው የሚያየው?"

"ባንኩ በየጊዜው የሚቆጣጠር ሰው ይልካል" አሉ አቶ ልዑልሰገድ።

"የማላውቀውን ሰው አልፈልግም።" በትራቸውን አነሡና ወደ እኔ ቀሰሩት። "ይሄ ይሁን።"

ተረጎምኩ። አቶ ልዑልሰገድ ሳቁ። "ይሄ ልጅ የባንኩ ሠራተኛ አይደለም በላቸው።"

ነገርኳቸው። አዴ አሻም፣ "እንግዲያው በሬያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ይሄ ልጅ ከሌለ መሬቱም የለም" አሉ።

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑና አስቡት። አንድ ሰው የራሱን የቅጥር ውሳኔ ራሱ ሲተረጉም! ቃል በቃል ተረጎምኩት፤ ድምፄ ግን እንደ ጎረምሳ ተሰነጠቀ። አቶ ልዑልሰገድ ዓይናቸውን አጠበቡ። "እውነት ይህን ነው ያሉት?" ብለው ወደ ሐጂ ዞሩ።

"ቃል በቃል" አሉ ሐጂ።

አቶ ልዑልሰገድ መኪናቸው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። "ያቺን ማመልከቻ አምጣት" አሉኝ። "ስምህን ግን ጎላ አድርገህ ጻፍበት።"

ቦርዱ እንደፈሩት ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን ፈቀደ፤ ማሽኑም ቀብዱ ሳይቃጠል ተገዛ። እኔም የጊዜያዊ ረዳት ተቆጣጣሪነት ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ደመወዙ ከኢንሹራንሱ ኮሚሽን ብዙም የሚሻል አልነበረም። ዋናው መሥሪያ ቤት ስሄድ የውጭ አገር ዲግሪ ያላቸው ባልደረቦቼ "በሬ ጠባቂው መጣ" ይሉኝ ነበር። የመጀመሪያ ሪፖርቴን ያችን መጽሔት አስመስዬ ጻፍኩት። አቶ ልዑልሰገድ "በአማርኛ ጻፈው" የሚል ማስታወሻ አድርገው መለሱልኝ። የጻፍኩት በአማርኛ ነበር።

ያም ሆኖ ሥራውን ቀስ በቀስ ለመድኩት። ፋብሪካው ተከፍቶ የመጀመሪያው ዱቄት ሲወርድ ሐጂ እፍኝ ዘግነው ለእናታቸው ሲያሳዩ ከጎናቸው ነበርኩ፤ አንዳቸውም ቃል አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ዘመኑ ተለወጠ፤ ፋብሪካም ባንክም ባለቤት ቀየሩ። ያ ሌላ ወሬ ነው። እኔ ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሰውን እቅድ እየመዘንኩ ገንዘብ ወዴት ይሂድ ስል ኖርኩ።

ዛሬ ወጣቶች ይመጡና "ጋሼ፣ ከኢንሹራንስ ወኪልነት ተነሥተው እዚያ እንዴት ገቡ?" ይሉኛል። አንድ ጥበብ እንድነግራቸው ነው። ለእነሱም ለእናንተም የምነግራችሁ፣ ደብዳቤው በደረሰኝ ሳምንት አዴ አሻን ላመሰግን ኢተያ የሄድኩ ዕለት የሆነውን ነው። አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ ሻሽ ይዤ ሄድኩ። ከሰው ሁሉ መርጠው እኔን ያሉበትን ምክንያት ከአፋቸው ለመስማት ጓጉቼ ነበር። ብልህነቴ ነው? ታማኝነቴ ነው?

"እናቴ" አልኩ፣ እንደ ማፈር እያደረገኝ፣ "ምን አይተውብኝ ነው? እውነተኛነቴን ነው?"

አዴ አሻ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። "ቤቱን ወደዱት ያልከኝ አንተ አይደለህም? ስትዋሽ ላብህ ግንባርህ ላይ ይቆማል። እሱም ደግ ነው፤ ይታያል። የመረጥኩህ ግን ለዚያ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን?"

"ያ ሰውዬ በሬውን ይዞ ቢጠፋ አዲስ አበባ ገብቼ የማንን በር አንኳኳለሁ? የአንተ እናት አሰላ ከእኔ ቅቤ ትገዛለች፤ ቤቷን አውቀዋለሁ። አንተ ብትጠፋ ሄጄ እሷን እይዛታለሁ።"

ስንት ዓመት ሙሉ ስንት ዓይነት መያዣ አየሁ፤ ሕንፃ፣ ማሽን፣ የባንክ ዋስትና። እናቴን የሚያህል ግን አላጋጠመኝም።